ከኃይል ማመንጫ ጣቢያ የሚመጣ ድምፅ እና ጤናዎ

ይህ የመረጃ ጽሑፍ የተዘጋጀው በካሊፎርኒያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ አቅራቢያ ለሚኖሩ ወይም በጣቢያው ውስጥ ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ በጤናዎ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚቀነስ እና እርዳታ ለማግኘት ማንን ማነጋገር እንዳለብዎት ያስረዳል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ድምፅ የጤና ጉዳይ ነው። በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ።
• የጣቢያውን ድምፅ መቀነስ ይቻላል። የተሻለ ውጤት የሚገኘው ድምፁ ከሚነሳበት ማሽን ላይ ሲቀነስ ነው። በጆሮ መድፈኛና በመጋረጃ ብቻ ችግሩ አይፈታም።
• መቼ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰሙ በጽሑፍ ይያዙ። ይህ መዝገብ ለሐኪምዎም ሆነ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።
• ቅሬታ ለማቅረብ ዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማሳየት አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ መናገርም ግዴታ አይደለም፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ።
• ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ የመስማት ችሎታዎ ሊጎዳ ይችላል። ጆሮዎን መከላከል አሠሪዎ በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው።

ጣቢያው ድምፅ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከግድብ ውሃ ነው። በካሊፎርኒያ ግን ከፍተኛው ድርሻ የሚመነጨው የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠል ነው። ለምሳሌ በሳን ሆዜ የሚገኘው የሜትካልፍ ጣቢያና በሄይዋርድ የሚገኘው የራስል ሲቲ ጣቢያ በጋዝ የሚሠሩ ናቸው። ነዳጅ አቃጥለው፣ ከሙቀቱ ኃይል የሚያመነጩ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሙቀት ኃይል ማመንጫ ይባላሉ። አሠራራቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ጋዙ ሲቃጠል የሚፈጠረው ትኩስ አየር ተርባይን የሚባለውን ትልቅ ማሽን ያሽከረክራል። የተረፈው ሙቀት ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎቱ ደግሞ ሌላ ተርባይን ያሽከረክራል። በመጨረሻም እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ድምፅ ይወጣል።

ከቤትዎ ሆነው የሚሰሙት ድምፅ ዓይነት ምንጩን ሊጠቁምዎት ይችላል፦

• ቀጭን፣ ፉጨት የሚመስል ድምፅ፦ ብዙውን ጊዜ ተርባይኑ አየር ከሚስብበት በኩል ይመጣል።
• ወፍራም ጉርምርምታ፣ መስኮት ወይም የመደርደሪያ ዕቃ የሚያንቀጠቅጥ፦ ብዙውን ጊዜ ከጭስ ማውጫው ይመጣል።
• እንደ ኃይለኛ ዝናብ ወይም ፏፏቴ ያለ ሹሹታ፦ ከማቀዝቀዣ ማማው ይመጣል። እዚያ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትልልቅ ማራገቢያዎችም ይሽከረከራሉ።
• እንደ ንብ የማያቋርጥ ጥዝዝታ፦ ከትራንስፎርመር ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ድምፅ በዋናነት በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚርገበገብ ነው።
• ድንገተኛና ኃይለኛ የእንፋሎት ጩኸት፦ ጣቢያው ሲነሳ፣ ሲቆም ወይም የደህንነት ቫልቭ ሲከፈት ይሰማል።

ብዙ የጋዝ ጣቢያዎች ቀኑን ሙሉ በእኩል ኃይል አይሠሩም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ስለሚቀንስ፣ ሰውም ቤቱ ገብቶ መብራትና ምድጃ ስለሚያበራ ጣቢያዎቹ አመሻሹ ላይ ይነሳሉ። ስለዚህ ድምፁ የሚጨምረው ቤተሰብ ለእንቅልፍ በሚዘጋጅበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሌሊት ለምን ይብሳል?

ብዙ ሰዎች “ቀን ብዙም አይሰማኝም፤ ሌሊት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል” ይላሉ። ይህ የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ሌሊት የመኪናና የሰው ድምፅ ይቀንሳል። ቀን በሌላ ድምፅ ተሸፍኖ የነበረው የጣቢያው ድምፅ ብቻውን ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ሲሆን ወደ ላይ ይሄድ የነበረው ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፍና ርቆ ይሰማል። ሦስተኛ፣ የቤት ግድግዳ ቀጭን ድምፅን በደንብ ያግዳል፤ ወፍራም ድምፅን ግን ብዙም አያግድም። መስኮት ዘግተው ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲጠፋ ጉርምርምታው ብቻ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ ሲሰማው ሌላው የማይሰማው ቢሆን፣ ወይም ቀን የመጣ ተቆጣጣሪ “ምንም አልሰማሁም” ቢል፣ የሚሰሙት ድምፅ የለም ማለት አይደለም።

ምን ያህል ድምፅ ነው “ብዙ” የሚባለው?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል ይጠጋል፤ የተለመደ ጭውውት ወደ 60 ዴሲቤል ይሆናል። የዴሲቤል ቁጥር እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቢሠሩ ቁጥሩ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ግን ለጆሮ እጥፍ ያህል የጮኸ ይመስላል። ስለዚህ “የጨመረው 10 ብቻ ነው” ቢባሉ ጭማሪው ትንሽ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለጥሩ እንቅልፍ መኝታ ቤት ውስጥ ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሌሊት ከቤት ውጭ የሚለካው አማካይ ድምፅ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ለመኖሪያ አካባቢ 55 ዴሲቤል ከቤት ውጭ፣ 45 ዴሲቤል ደግሞ ከቤት ውስጥ በማለት የቀንና የሌሊት አማካይ አስቀምጧል። በዚህ ስሌት ሌሊት በሚሰማ ድምፅ ላይ 10 ዴሲቤል ይታከላል፤ ሌሊት የሚሰማ ድምፅ ሰውን ይበልጥ ስለሚረብሽ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የጤና ምክሮች ናቸው። በሕግ የሚያስገድደው ገደብ የሚገኘው በከተማዎ ወይም በካውንቲው የድምፅ ደንብ ውስጥ እና በጣቢያው ፈቃድ ውስጥ ነው። ገደቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በአካባቢዎ ያለውን ይጠይቁ።

ድምፁ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ዓይን ሲተኛ ይዘጋል፤ ጆሮ ግን አይዘጋም። እርስዎ ባይነቁም እንኳ አንጎልዎ ድምፁን ይሰማል። ሰውነት ድምፁን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጥረዋል፦ የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ የጭንቀት ሆርሞኖች ይወጣሉ። ጥልቁ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ጠዋት “ስምንት ሰዓት ተኝቻለሁ፤ ግን አላረፍኩም” የሚሉት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለአንድ ሁለት ሌሊት ቢሆን ሰውነት ያገግማል። ለወራትና ለዓመታት ሲቀጥል ግን ጉዳቱ ይጠራቀማል። በመንገድ፣ በባቡርና በአውሮፕላን ድምፅ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጫጫታን ከእንቅልፍ ችግር፣ ከደም ግፊት እና ከልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። አብዛኛው ጥናት የተደረገው በትራንስፖርት ድምፅ ላይ ቢሆንም፣ የተኛ ሰው ሰውነት ለድምፅ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ተመሳሳይ ነው።

የሚከተሉት ሰዎች ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው፦

• የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው፤
• ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ፤ ለምሳሌ በነርሲንግ ሆም፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ፤
• ነፍሰ ጡር እናቶች፣ አረጋውያንና ሕፃናት፤
• ከዚህ በፊት በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ላይ ከባድ ነገር ያሳለፉና ድንገተኛ ጩኸት የሚያስደነግጣቸው።

በሰፈር ደረጃ የሚሰማው የጣቢያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ መስማትን የሚያጠፋ ያህል ኃይለኛ አይደለም። ጣቢያው ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ግን ሁኔታው የተለየ ነው፤ ከዚህ በታች ያንብቡ።

ለሐኪምዎ ምን ይንገሩ?

ሐኪምዎ ስለ ድምፅ ላይጠይቅዎት ይችላል። እርስዎ ያንሱት። እንዲህ ብለው መጀመር ይችላሉ፦ “ቤቴ ከኃይል ማመንጫ ጣቢያ አጠገብ ነው። በሳምንት ይህን ያህል ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።” ከዚያም የሚከተሉትን ይጨምሩ፦

• ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነቁ፤
• ቀን ይደክምዎት እንደሆነ፣ በተለይ መኪና ሲነዱ እንቅልፍ ይወስድዎት እንደሆነ፤
• ጠዋትና ማታ ቤትዎ የለኩት የደም ግፊት ቁጥር፣ መለኪያ ካለዎት፤
• ለእንቅልፍ ብለው የሚወስዱት ማንኛውም ነገር፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ክኒንም ሆነ አልኮል።

እንቅልፍ የሚነሳው ድምፅ ብቻ አይደለም። ኃይለኛ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ጭንቀት፣ ሕመም ወይም መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ሐኪምዎ እነዚህን ሊመረምር ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ መጠኑንም አይጨምሩ።

የሕክምና አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት። ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ልጅዎን እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ ስለ ጤናዎ አስፈላጊ ነገር ሊቀርና ልጁም ሊጨነቅ ይችላል።

ሐኪምዎ ድምፁ እንቅልፍዎን እንደሚነሳና የጤና ሁኔታዎን ሊያባብስ እንደሚችል በአጭር ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ደብዳቤ ከቅሬታዎ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ጣቢያው ድምፁን ለመቀነስ ምን ማድረግ ይችላል?

“ትልቅ ማሽን ነው፤ ምን ይደረጋል?” ብለው ተስፋ አይቁረጡ። የሚከተሉት ዘዴዎች በብዙ ጣቢያዎች የሚሠራባቸው ናቸው። ቅሬታ ሲያቀርቡ ወይም በስብሰባ ላይ ሲገኙ “ከእነዚህ የትኛው ተሠርቷል?” ብለው መጠየቅ ይችላሉ።

• ድምፅ ማፈኛ፦ የመኪና ማርሚታ የሞተሩን ጩኸት እንደሚያፍን ሁሉ፣ በተርባይኑ አየር መሳቢያ፣ በጭስ ማውጫውና በእንፋሎት ማስወጫው ላይ ትልልቅ ማፈኛ ይገጠማል። ማርሚታው የተበሳ መኪና እንዴት እንደሚጮኽ ያስቡ፤ የጣቢያ ማፈኛም ሲያረጅ መታደስ አለበት።
• ማሽኑን መክደን፦ ተርባይኑና ፓምፖቹ ድምፅ በሚያፍን ቤት ውስጥ ይደረጋሉ። የዚህ ቤት በር ክፍት ከተተወ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።
• ማራገቢያዎችን ማዘግየት፦ የማቀዝቀዣ ማማው ማራገቢያ ሰፋፊ ክንፎች ተገጥመውለት ቀስ ብሎ ቢሽከረከር ድምፁ በእጅጉ ይቀንሳል። አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ፍጥነቱን መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ አለ።
• ግድግዳ፦ በቤቶቹና በማሽኑ መካከል የሚሠራ ግድግዳ የሚጠቅመው ማሽኑን ከእይታ የሚሸፍን ያህል ከፍ ሲል ነው። ክፍተት ካለው ድምፁ በዚያ ያልፋል። በአንድ ረድፍ የተተከለ ዛፍ ለዓይን ያምራል እንጂ ድምፅን ብዙም አይቀንስም።
• ንዝረት መከላከል፦ ማሽኑ በጎማ ወይም በስፕሪንግ ላይ ሲቀመጥ ንዝረቱ ወደ መሬትና ወደ ሕንፃ አይተላለፍም።
• ጥገና፦ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ብሎን፣ የሚያፈስ የእንፋሎት ቧንቧ ድምፅ ይጨምራሉ። ከዚህ በፊት ያልነበረ ድምፅ ከሰሙ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ አዲስ ድምፅ የብልሽት ምልክት ሊሆን ይችላል።
• ሰዓት መምረጥ፦ ጩኸት ያለበት ሙከራና ጥገና ቀን ላይ እንዲደረግ፣ ለነዋሪዎችም አስቀድሞ እንዲነገር ማድረግ።

ጣቢያ ሳይሠራ በፊት ድምፁን ማሰብ ከተሠራ በኋላ ከማስተካከል ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል። ርቀት ብቻውን ብዙ ይረዳል፦ ከአንድ ማሽን ያለዎት ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሰፈርዎ አዲስ ጣቢያ ሊሠራ ወይም ያለው ሊስፋፋ ነው የሚል ማስታወቂያ በፖስታ ከደረሰዎት አይጣሉት። የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፋል።

ቅሬታ እንዴት ይቀርባል?

የፌደራል መንግሥት የድምፅ ቁጥጥር ቢሮ በጀት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለተቋረጠ፣ ዛሬ እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚቆጣጠሩት በዋናነት ስቴቱ፣ ካውንቲውና ከተማው ናቸው።

1. መዝገብ ይያዙ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየዕለቱ ይጻፉ፦ ቀን፣ ድምፁ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት (ፉጨት፣ ጉርምርምታ፣ ሹሹታ)፣ በየትኛው ክፍል እንደሰሙ፣ መስኮቱ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፣ ነፋስ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ምን እንዳደረገዎት። በአማርኛ ቢጽፉም ይሆናል። ሰዓቱን ግን እንደ አገር ቤት አቆጣጠር ሳይሆን እንደ አሜሪካ ይጻፉ፤ ጣቢያው የማሽኑን የሥራ መዝገብ ከእርስዎ ሰዓት ጋር የሚያመሳክረው በዚያ ነው።

2. በስልክዎ ይለኩ። ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም (ኒዮሽ) ለአይፎን ያወጣው ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ። የስልክ ልኬት በሕግ ፊት የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም፤ ወፍራም ድምፅንም በደንብ ላይለካ ይችላል። ቢሆንም ድምፁ መቼ እንደሚጨምር ለማሳየት ይረዳል።

3. መጀመሪያ ጣቢያውን ያሳውቁ። ብዙ ጣቢያዎች የቅሬታ ስልክ አላቸው። የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ።

4. መልስ ካላገኙ ለከተማው ወይም ለካውንቲው ይደውሉ። የአካባቢ ጤና ክፍልን ወይም የሕግ ማስከበር ክፍልን ይጠይቁ። ልኬቱ ሌሊት፣ ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት፣ መኝታ ቤትዎ ውስጥም ጭምር እንዲደረግ ይጠይቁ። የሚያስቸግርዎት ወፍራም ጉርምርምታ ከሆነ “በኤ ሚዛን ብቻ ሳይሆን በሲ ሚዛንም ይለካልኝ” ይበሉ። የተለመደው የኤ ሚዛን ወፍራም ድምፅን አሳንሶ ያሳያል።

5. የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽንን ያነጋግሩ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ 50 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ለሚያመነጩ የሙቀት ኃይል ጣቢያዎች ፈቃድ ይሰጣል። በሚሰጣቸው ፈቃዶች ውስጥ ስለ ድምፅ የተቀመጡ ግዴታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የጣቢያው ባለቤት የድምፅ ቅሬታን መዝግቦ፣ መርምሮ መፍትሔ እንዲፈልግ የሚያስገድድ ነው። ኮሚሽኑ ነዋሪዎች በስብሰባዎቹ እንዲሳተፉ የሚረዳ የሕዝብ አማካሪ ቢሮም አለው።

አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት “የእርሱ ጆሮ ነው” ሊባል ይችላል። አሥር ቤተሰቦች በአንድ ሌሊት የሰሙትን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መዝገብ ሲያቀርቡ ግን ምንጩን ማግኘት ይቀላል። ጎረቤቶችዎን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጆችዎን፣ የዕድርና የማኅበር አባላትን ያነጋግሩ።

ቅሬታ ባቀርብ ችግር ይመጣብኛል?

አንዳንድ ታካሚዎቻችን “በሰው አገር ምን ብዬ እከሳለሁ? ዝም ብዬ ልቻለው” ይላሉ። የድምፅ ቅሬታ ማቅረብ ክስ መመሥረት አይደለም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራውን እንዲሠራ ማሳወቅ ነው። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታዎ መናገር አያስፈልግዎትም።

ተከራይ ከሆኑና መስኮትዎ የማይዘጋ ወይም የተሰበረ ከሆነ አከራይዎ እንዲያድስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ግልባጩን ያስቀምጡ። በካሊፎርኒያ ሕግ አከራይ እድሳት ስለጠየቁ ሊበቀልዎ አይችልም። “ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታህ አሳውቃለሁ” ብሎ ማስፈራራትም የተከለከለ ነው።

እስከዚያው ቤትዎ ውስጥ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ከተቻለ ከጣቢያው በተቃራኒ በኩል ያለውን ክፍል መኝታ ያድርጉ።
• አልጋዎን ከክፍሉ ጥግና ከግድግዳው ትንሽ ያርቁ። ወፍራም ድምፅ በጥግና በግድግዳ አጠገብ ይበረታል፤ አልጋን ትንሽ ማንቀሳቀስ ብቻ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።
• በመስኮትና በበር ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጎማ ማሸጊያ ይዝጉ። ወፍራም መጋረጃ ቀጭን ድምፅን ትንሽ ይቀንሳል፤ ጉርምርምታን ግን አያስቆምም።
• የማራገቢያ ለስለስ ያለ ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሊሸፍን ይችላል። ከፍ አያድርጉት፤ ከሕፃን አልጋም ያርቁት።
• ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ይጠቀሙ። የእሳትና የጭስ ማስጠንቀቂያውን ወይም የልጅዎን ልቅሶ መስማት እንደሚችሉ ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።
• ቡና ከምሳ በኋላ ባይጠጡ ይመረጣል። ማታ የሚፈላ ቡና በድምፅ የቀለለውን እንቅልፍ ይበልጥ ያቀለዋል። አልኮልም እንቅልፍ ያመጣ ቢመስልም ሌሊቱን ይቆራርጠዋል።

ጥንቃቄ፦ ድምፅ ለመከላከል ብለው የጋዝ ማሞቂያ ወይም ምድጃ አየር ማስወጫን በፍጹም አይድፈኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩንና መሥራቱን ያረጋግጡ። ለእሳት አደጋ መውጫ የሚሆነውን መስኮት በሚስማር አይዝጉ። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት በኃይለኛ ሙቀት ቀናት መስኮት ዘግተው አይቀመጡ፤ ሙቀት ከድምፅ ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል።

ልጆች

ልጅ ስለ ድምፅ አያማርር ይሆናል። ጠዋት ለመነሳት መቸገር፣ ቁጣ፣ ትምህርት ላይ ማተኮር አለመቻል የእንቅልፍ ማነስ ምልክቶች ናቸው። በአውሮፕላን ማረፊያዎች አጠገብ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ጫጫታ የልጆችን ንባብና የማስታወስ ችሎታ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ልጅዎ የሚያጠናበት ቦታ ከቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለው እንዲሆን ያድርጉ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ጫጫታ ካለበት ለመምህሩ ይንገሩ።

ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ

በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በጥገና ወይም በግንባታ ሥራ ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሰፈሩ ነዋሪ እጅግ የሚበልጥ ድምፅ ይሰማሉ። ቀላል መመዘኛ አለ፦ በክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካለብዎት፣ ድምፁ ጆሮ ሊጎዳ የሚችል ነው።

ኒዮሽ በ8 ሰዓት ሥራ ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

በካሊፎርኒያ የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት በአብዛኞቹ የሥራ ዘርፎች የ8 ሰዓት አማካይ ድምፅ 85 ዴሲቤል ከደረሰ አሠሪው የጆሮ መከላከያ በነፃ መስጠት፣ በየዓመቱ የመስማት ምርመራ ያለ ክፍያ ማስደረግና ሥልጠና መስጠት አለበት። ሥልጠናው በሚገባዎት ቋንቋ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። እነዚህ መብቶች በኢሚግሬሽን ሁኔታ አይወሰኑም።

የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ በትክክል ካልገባ ብዙም አይከላከልም። በንጹሕ እጅ በጣቶችዎ ጠቅልለው ያቅጥኑት፤ በሌላ እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪያብጥ ድረስ በጣትዎ ይያዙት።

ከሥራ በኋላ ጆሮዎ ጭው የሚል ወይም የታፈነ የሚመስል ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። “ለምጄዋለሁ፤ አሁን አይሰማኝም” ማለት ጆሮ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ መስማት እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። በጫጫታ የጠፋ መስማት አይመለስም፤ መከላከል ግን ይቻላል።

መቼ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልጋል?

የሚከተሉት ካጋጠሙዎት ወዲያውኑ 911 ይደውሉ፦ የደረት ሕመም ወይም መጫን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ፣ ድንገተኛና ከባድ ራስ ምታት።

አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ “ይሻለኛል” ብለው አይጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ፤ ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ውጤት ይኖረዋል።

ተጨማሪ እርዳታ

የትኛውን መሥሪያ ቤት ማነጋገር እንዳለብዎት ካላወቁ በ211 ይደውሉ። ጥሪው ነፃ ነው። ስልኩ ሲነሳ “አምሃሪክ” ብለው በመስመሩ ላይ ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ ይቀርብልዎታል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የእንቅልፍና የድምፅ መዝገብዎን ይዘው ይምጡ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምዎን ምክር አይተካም።